ታርጋውን ያየ ሹፌሩን አላየም

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የትራፊክ ደንብ መቆጣጠሪያ ካሜራዎችን ይመለከታል



መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ዲኤክስ ኮሮላዬን የሸጥኳት በውክልና ነበር። ገዢው የጎረቤት ልጅ ስለሆነ የስመ ንብረት ዝውውሩን «ለሚቀጥለው ወር» አልነው። ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ሌላ ዓመት ወለደ፤ ልጁም በተራው ለሌላ ሰው ሸጧት ሰፈር ቀየረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ጠራ። ደዋዩ ስሜን እስከ አያቴ ጠርቶ፣ በስሜ በተመዘገበ ተሽከርካሪ ላይ ያልተከፈለ ቅጣት እንዳለ በትሕትና አስረዳኝ። በዚያች ሰዓት በእጄ የነበረው ከዘራዬ ብቻ ነው። መኪናዋን ካየኋት ዓመታት እንዳለፉ፣ ማን እንደሚነዳትም እንደማላውቅ ነገርኩት። «ይገባኛል አባቴ፤ ሲስተሙ የሚያሳየው ግን እርስዎን ነው» አለኝ።

ሲስተሙ አልተሳሳተም፤ ያላዛወርኩት እኔ ነኝ። ከፈልኩና ዝም አልኩ። ያ ክስ ግን በትራፊክ ፖሊስ እጅ በወረቀት የተጻፈ ተራ ክስ ነበር። አሁን በየመስቀለኛ መንገዱ ምሰሶ ላይ ካሜራ እየበዛ ሲመጣ፣ የደንብ ጥሰት ቁጥጥሩም ወደ ማሽን እየዞረ ሲሄድ፣ የዚያ ደዋይ ድምፅ ደጋግሞ ይመጣብኛል። በብዕር የተጻፈ አንድ ክስ እኔን ከታክሲ ሰልፍ ላይ ፈልጎ ካገኘኝ፣ ቀንና ሌሊት የማይተኛ ማሽን በወር ስንት የማይመለከተውን ሰው በር ያንኳኳል? ብዕር ያነሣሁት ይህን ልጠይቃችሁ ነው።

ሐሳቤ እንዳይጣመም ግን አስቀድሜ ልናገር፦ ካሜራውን እደግፋለሁ። ከሚቃወሙት ወዳጆቼ ጋር ቡና ላይ ተጣልቼበታለሁ። የምኖርበት ኮልፌ ሥርዓት የሚጠላ ሰፈር አይደለም፤ ከፖሊስ ማሰልጠኛ ጋር አጥር ለአጥር የኖርን ሰዎች ነን። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ሲመጣ ያረፈው እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሹ ካምፕ ውስጥ ነበር። (ይህን ለእንግዳ ሁሉ የምንናገረው ወግ ስለሆነ ለእናንተም ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኝ ነበር።)

የምደግፍበትን ምክንያት ለማየት ከዊንጌት በአስራ ስምንት ማዞሪያ አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀውን የቀለበት መንገድ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ መመልከት ይበቃል። መንገዱ በ1990ዎቹ ሲሠራ ሰፈሩን ለሁለት ሰነጠቀው። ገበያው በአንድ በኩል፣ ትምህርት ቤቱ በሌላ በኩል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ፣ መስጊዱ ወዲያ ቀረ። ከመሻገሪያ ድልድይ እስከ መሻገሪያ ድልድይ ያለው ርቀት ሸክም ላለው ሰው ሩቅ ነው። አጠና ተራ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትመለስ እናት ያን ሁሉ ሄዳ፣ ደረጃውን ወጥታ ወርዳ፣ ያንኑ ያህል ተመልሳ ቤቷ ደጃፍ ከምትደርስ የአካፋዩን አጥር ክፍተት ትመርጣለች። ቀን ቀን መጨናነቁ ራሱ ያድናታል፤ መኪናው ቢፈልግም አይሮጥም። ማታ ግን ጎዳናው ባዶ ይሆናል፤ ከባድ መኪኖች ቀን በተወሰኑ ሰዓታት ስለሚታገዱ የቀሩበትን ለማካካስ ሌሊቱን ይሮጣሉ። ሲኖ ትራኩን ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው እንዲሁ አፉ አምጥቶለት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውን አንድ ስሌት ታውቁታላችሁ። በመኪና ፊት ለፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ፣ የመኪናው ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ በአራት ተኩል እጥፍ ይጨምራል። ለሹፌሩ ይህ ልዩነት የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ትንሽ መጫን ነው፤ ሞተሩ ድምፁን እንኳ ብዙ አይቀይርም። ለዚህ ነው ፍጥነትን ምክር የማይመልሰው፦ ፈጥኖ የሚነዳ ሰው የፈጠነ አይመስለውም። ትራፊክ ፖሊስ ራዳር ይዞ ቢቆም፣ ከሩቅ ያየው ሁሉ በመብራት እየተጠቋቆመ ፍሬን ይይዛል፤ መቶ ሜትር እንዳለፈ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፖሊስም ሰው ነው፤ ይርበዋል፣ ይመሽበታል፣ ዝናብ ይመታዋል። ማሽኑ ይህ ሁሉ የለበትም። በዓለም ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረው የ2010 (እ.ኤ.አ.) የኮክሬን ዳሰሳ፣ የፍጥነት ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ሞትና ከባድ ጉዳት ያደረሱ አደጋዎች እንደየቦታው ከ11 እስከ 44 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ይህን ያህል ነፍስ የሚያተርፍ ነገር አልፈልግም የሚል ሰው አስከሬን ተሸክሞ የማያውቅ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይህኛው ትንሽ ያሳፍራል። ካሜራ አጎት የለውም፣ የአገር ልጅ የለውም። ከመስኮት እስከ መስኮት፣ በሹክሹክታ የሚያልቀውን የመንገድ ዳር ሽምግልና አያውቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር የማይሾምና የማይሻር ተቆጣጣሪ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሹፌሩም ፖሊሱም ከዚያ ሹክሹክታ ቢገላገሉ ሁለቱም ያርፋሉ፤ ታማኙ ትራፊክም ከማይገባው ሐሜት ይድናል። ግን ይህ የሚሠራው ማሽኑ ኮድ 1፣ ኮድ 2 እና ኮድ 3ን ባየበት ዓይን ኮድ 4ንም ሲያይ ነው። ጥቁር መስታወት የለበሰችው የመንግሥት መኪና መብራት ጥሳ ስታልፍ ምስሉ ተነሥቶ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ላይ ቢጠፋ፣ ሽምግልናው ከመንገድ ዳር ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተዛወረ ማለት ነው። በየወሩ ከተቀጡት መካከል የመንግሥት ታርጋ ስንት እንደሆነ ብታሳውቁን ብዙ ሰው ያለ ስብከት ቀበቶውን ያስር ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ቦታ ጉዳይ ልግባ። የካሜራ ዓላማ ከደንቡ ይልቅ ከቆመበት ምሰሶ ይነበባል። ምሰሶው አዲስ አስፋልት፣ አዲስ መብራትና አዲስ ዛፍ ባለበት ጎዳና ብቻ ከቆመ ሰው የሚያነበው «ለዕይታ ነው» የሚል ጽሑፍ ነው። ሹፌር በቀላሉ የሚሳሳትበት፣ እግረኛ ግን የማይሞትበት ጠመዝማዛ ላይ ከቆመ ደግሞ «ለገንዘብ ነው» ብሎ ያነበዋል። ሰው በሚሞትበት ላይ ከቆመ ማንም ምንም አያነብም፤ ዝም ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የትኛው ቦታ ላይ ስንት ሰው እንደሞተ መዝገቡ በእናንተና በፖሊስ እጅ ነው። ከተማዋ ከብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ የመንገድ ደኅንነት መርሐ ግብር ጋር መሥራት ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል፤ እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) የሚዘልቅ የመንገድ ደኅንነት ስትራቴጂም አላት። በመንገዶቻችን ላይ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። እንግዲህ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ደርድሩና ካሜራውን ከላይ ጀምራችሁ ትከሉ። የቀለበት መንገዱና በካራ ቆሬ ወደ ሰበታ የሚወጣው የጅማ መንገድ ከዝርዝሩ ግርጌ እንደማይገኙ እገምታለሁ።

አንድ ቦታ ግን በቁጥር ብቻ እንዳትለኩት እለምናለሁ፤ ዘነበ ወርቅን። አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 በዚህ ስም ከመቋቋሙም በፊት ሰፈሩ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ወገኖቻችን መኖሪያ ነበር። ታክመው ድነው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ጥልፍና ሽመና እየሠሩ ኖረውበታል፤ ዛሬም ይኖሩበታል። እግራቸው እንደ እናንተ እግር ቶሎ አይታዘዝም። ዜብራው ላይ ሲገቡ መኪናው ሩቅ ነው፤ መሐል ሲደርሱ ደርሷል። ሚኒባሱ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አባባ ፈጠን በል!» ይላል። ይህን ሰፈር የምታውቁት በሆስፒታሉ ብቻ ከሆነ፣ እግረኛው የሚሻገርባትን ጊዜ በሰከንድ ቆጥራችሁ አታውቁም ብዬ እጠረጥራለሁ። እኔ ቆጥሬአለሁ። በአንድ ከዘራ የሚራመድ ሰው ሁለቱን መስመር ለመሻገር በወጣት እግር የሚፈጀውን ጊዜ ሁለት እጥፍ ይወስዳል፤ ያውም ማንም ካልገፈተረው። ካሜራ ዜብራ ላይ ለእግረኛ ያልቆመን መኪና ለመቅጣት ከተሠራ፣ የመጀመሪያው ምሰሶ ቦታ ይህ ነው።

ነገሩን ከምሰሶው ወደ ውስጡ እናውርደው፤ ማሽኑ የሚያየውንና የማያየውን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን የትራፊክ ካሜራዎች የሠራው ሞሪስ ጋትሶኒደስ የሚባል የሆላንድ ሰው ነው። ትራፊክ ፖሊስ አልነበረም፤ የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸንፏል። መሣሪያውን የፈጠረው ኩርባ ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለክቶ የበለጠ ለመፍጠን ነበር። ለመፍጠን የተሠራ መሣሪያ ፍጥነት መያዣ ሆኖ ዓለምን አዳረሰ። መሣሪያ ዓላማ የለውም፤ ዓላማውን የሚያበጅለት ያዥው ነው።

ማሽኑ የሚያየው መስመር፣ ሰዓት፣ ቀለምና ታርጋ ነው። የማያየውን ደግሞ እኛ እናውቃለን። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ ቀይ ነው፣ ትራፊክ ፖሊሱ ግን መሐል ገብቶ ፊሽካውን እየነፋ «እለፍ! እለፍ!» ይላል። ደንቡ የፖሊሱ እጅ ከመብራቱ እንደሚቀድም ይደነግጋል፤ ሹፌሩም ታዝዞ ያልፋል። ካሜራው ግን ቀይ መብራት የጣሰ ታርጋ አየ። ፖሊስ መብራቱን ተክቶ የሚሠራባቸው ሰዓታት በከተማችን ጥቂት አይደሉም። በዚያች ሰዓት ካሜራው ተዘግቷል? ምስሉን ቁጭ ብሎ የሚመረምረው ሰው የፖሊሱን እጅ ያያል ወይስ የታርጋውን ቁጥር ብቻ? የአምቡላንስ ሳይረን ሰምቶ ከመስመሩ ወጥቶ መንገድ የለቀቀውስ? ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመጣ መብራቱ ከየትኛው ቀለም ይጀምራል? እነዚህ የተንኮል ጥያቄዎች አይደሉም፤ ማንኛውም የአየር ጤና ሹፌር በናንተ ቢሮ በር ላይ የሚጠይቃችሁ ናቸው።

ቢጫው መብራት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሌሎች የተሰናከሉበት እዚህ ነውና። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ግድም ይጓዛል። ቢጫው ሦስት ሰከንድ ከሆነ ሹፌሩ «ልቁም ወይስ ልለፍ» የሚለውን የሚወስነው በአርባ ሜትር ውስጥ ነው፤ አሸዋ የጫነ መኪና በቁልቁለት ከሆነ አርባ ሜትር ምንም አይደለችም። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የከተማዋ ዋና መርማሪ ያወጣው ሪፖርት፣ ቢጫው ከሦስት ሰከንድ በጥቂቱ ባነሰባቸው ቅጽበቶች 77 ሺህ ያህል ቅጣቶች መጣላቸውን አጋለጠ። ያነሰችው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበረች! የካሜራውን ውል ለኩባንያው ያመቻቸው የከተማዋ ሹም ደግሞ በጉቦ ተከሶ አሥር ዓመት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ የቺካጎን ሰው «ካሜራው ለሕይወትህ ነው» ብሎ ማሳመን ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ስለዚህ በየመስቀለኛው የቢጫው ርዝመት ስንት ሰከንድ እንደሆነ፣ ማሽኑም መቼ በማን እንደተፈተሸ በግልጽ ለጥፉት። የሥጋ ቤት ሚዛን እንኳ ይፈተሻል።

አሁን ወደ ዲኤክሴ ልመለስ።

ካሜራው የሚያውቀው ታርጋ ነው፤ ጥፋት የሚሠራው ግን ሰው ነው። በአንዳንድ አገር በታርጋውና በሰውየው መካከል ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ችግሩ አይጎላም። እኛ ጋ ግን ርቀቱ ከጦር ኃይሎች እስከ ሰበታ ነው። በውክልና የሚነዳ ስንት መኪና እንዳለ ውልና ማስረጃ ይወቀው። ሚኒባሱን ውሰዱ፦ ንብረቱ የአንድ ሰው ነው፣ ምናልባት የጡረተኛ፣ ምናልባት ውጭ አገር ያለች እህት። ሹፌሩ በቀን የተወሰነ ገቢ ያስረክባል፤ ነዳጅ ሞልቶ፣ የተራ ከፍሎ፣ ለረዳቱ አካፍሎ የተረፈው የእሱ ነው። የሚተርፈው ደግሞ በቢያጆ ብዛት ነው፤ አንድ ተጨማሪ ቢያጆ ማለት ለልጁ ደብተር ማለት ነው። ዛሬ እሱ ይነዳል፣ ነገ ተቀያሪው። ካሜራው ማክሰኞ ያነሣውን ምስል መልእክት ባለንብረቷ በሦስተኛው ሳምንት በስልኳ ታያለች፤ ወይ ደግሞ ቦሎ ልታሳድስ ሄዳ የተከማቸውን ድንገት ትሰማለች። ማክሰኞ ማን ይነዳ ነበር? ሁለቱም «እኔ አይደለሁም» ይላሉ። ከሁለቱም ትቆርጣለች። ያላጠፋው ሹፌር የተቆረጠበትን ለመመለስ በማግስቱ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ይፈጥናል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይህ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ በሁለት መንገድ መልሶታል። ኒው ዮርክ ቅጣቱን በመኪናው ባለቤት ላይ አደረገችው፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት አካባቢ የፍጥነት ካሜራዋ ቅጣት 50 ዶላር ላይ ተወስኖ፣ በመንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አይመዘገብም። ማን እንደነዳ ስለማታውቅ የሰውየውን መንጃ አትነካም። ጀርመን በተቃራኒው የሹፌሩን ፊት ከፊት ለፊት ታነሣለች፤ ጥፋተኛው ሹፌሩ ስለሆነ እሱ ካልታወቀ ብዙውን ጊዜ ቅጣቱ አይጸናም። ሁለቱም ሐቀኛ መንገዶች ናቸው። ሐቀኛ የማይሆነው ሁለቱን ቀላቅሎ በታርጋ ይዞ በመንጃ መቅጣት ነው። ከደንብ ቁጥር 208/2003 ጀምሮ የምናውቀው የጥፋት ነጥብ የሚያዘው በአሽከርካሪው ላይ ነው፤ አሽከርካሪውን ያላየ ዓይን ነጥብ ሊይዝበት አይገባም።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ካሜራ ብቻውን የያዘው ጥፋት መጠነኛ የገንዘብ ቅጣት ይኑረው፣ ለባለንብረቱም በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ ከነምስሉ ይድረሰው። የቴሌብር ደረሰኝ በሰከንድ በሚደርስበት አገር የጥፋት ማሳወቂያ ወር መጠበቁ ምክንያት የለውም። ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ በግ አያድንም፤ ዛሬ የፈጠነ ሰው ዛሬ ማታ ካልሰማ ነገም ይፈጥናል። ባለንብረቱ በተወሰነ ቀን ውስጥ «የነዳው እገሌ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ይቻለው፤ እገሌም የመቃወም ዕድል ይኑረው። ለእያንዳንዱ ሚኒባስ ታፔላና ስምሪት የሚሰጥ ከተማ የዕለቱን ሹፌር ስም የሚይዝ መዝገብ አይቸግረውም። በተደጋጋሚ፣ በጭፍን የሚፈጥነውን ግን ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ፊቱን አይቶ፣ መንጃውን ይያዝ። ካሜራው ፖሊሱን ወደዚያ ሰው ይምራው እንጂ ፖሊሱን አይተካው። በነገራችን ላይ ስመ ንብረት ዝውውሩ ረከስና ፈጠን ቢል እኔን መሰል ጥፋተኛ በግማሽ ይቀንስ ነበር፤ ይህ ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ስለሆነ በሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ታርጋው ራሱም ታማኝ ምስክር አይደለም። ክረምት ላይ ከአለም ባንክ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ የሚወጣ መኪና ታርጋው ጭቃ ነው። ያረጀ ታርጋ ላይ 3 እና 8 ወንድማማች ይሆናሉ። ሆን ብለው የሚያጣምሙትም አሉ። ስለዚህ ማሽኑ ያነበበውን ሰው ሳያየው ቅጣት እንዳይወጣ፤ ተቀጪውም «ይህ የእኔ መኪና አይደለችም» ሲል ምስሉን ከፍቶ የሚያሳየው ሰው ይኑር። ያ ሰው ኮልፌም ይኑር፤ ለአንድ ክርክር ግማሽ ቀን በሦስት ታክሲ መሄድ የቀን ሠራተኛ አቅም አይደለም፤ ባይከፍልና ቢከራከር የሚያጣው ከቅጣቱ ከበለጠ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው። የፌዴራሉ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መንፈስም ይኸው ነው፤ ውሳኔ የሚነካው ሰው ይሰማ፣ ምክንያቱም ይነገረው።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ኡጋንዳ ያጋጠማትን ሰምታችኋል። ታርጋ አንብቦ በራሱ የሚቀጣ ሥርዓት አቆመች፤ ሕዝቡ ከጥቂት ቀናት በኋላ በቅጣቱ ክብደትና ምልክቱ በማይታይ የፍጥነት ወሰን ተቆጥቶ ጮኸ፤ መንግሥትም ሥርዓቱን ለጊዜው አገደው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የካናዳዋ ኦንታርዮ ግዛት የፍጥነት ካሜራን በሕግ ከለከለች፤ የግዛቲቱ መሪ ክርክር «ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆኗል» የሚል ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው አውቶማቲክ ራዳር ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰልፈኞች ከአገሪቱ ራዳሮች ከግማሽ በላዩን ሰባብረዋል፣ ቀለም ቀብተዋል። ካሜራውን የገደለው የማሽኑ መጥፎነት አልነበረም። ሕዝቡ ካሜራው ኪሱን የሚመለከት መስሎት ነው።

ይህ እንዳይደርስብን የብሪታንያን ሁለት ነገር ብትዋሱ አይከፋም። ካሜራዎቻቸውን ከሩቅ እንዲታዩ ቢጫ ቀለም ቀቧቸው፤ ሹፌሩን አድብቶ ከመያዝ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይሻላል ብለው። የቅጣቱ ገንዘብም ተመልሶ ካሜራውን ለሚያስተዳድሩት የሚሄድበትን አሠራር በ2007 (እ.ኤ.አ.) አስቀሩት፤ ቆጣሪው ከቆጠረው ላይ እንዳይበላ። እኛም ጋ ከካሜራው በፊት ሁለት ነገር ይቅደም፦ የፍጥነት ወሰኑን የሚናገር፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ያልተሸፈነ ምልክት፣ እና ከዝናቡ በኋላም የሚታይ ዜብራ። የለቀቀ ቀለም ላይ «ዜብራ ጥሰሃል» ብሎ መቅጣት በሌለ ሕግ መቅጣት ነው። ካሜራውን የሚያቀርበው ኩባንያ ክፍያም በተቀጪ ብዛት እንዳይታሰብ፤ ውሉን አሳዩን። ገንዘቡ ወዴት እንደሚገባ፣ ከዚያ ውስጥ ስንት ወደ መሻገሪያና ወደ መንገድ መብራት እንደተመለሰ በየሩብ ዓመቱ ብትነግሩን ደግሞ ቡና ላይ ከወዳጆቼ ጋር የምጣላበት ነገር ያልቅ ነበር።

የምስሉም ነገር አለ። ካሜራው ሲቀዳ የሚውለው አጥፊውን ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደሄደ ሁሉ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል። በአዋጁ መሠረት ምስሉ ለስንት ቀን ይቀመጣል፣ ማን ይከፍተዋል፣ ማን ያጠፋዋል? መልሱ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ግን ተጽፎ ይሰቀል።

ክቡራን ሆይ፣ ከማንኛውም የጽሑፍ መልስ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከመካከላችሁ አንዱ፣ የፈለጋችሁት፣ አንድ ምሽት ያለ መኪና ዘነበ ወርቅ ይምጣ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሚኒባሱ ሁሉ የመጨረሻውን ቢያጆ በሚያሳድድበት ሰዓት፣ ዜብራው ላይ አብረን እንቁም። ሰዓት ይዘን እንቆጥራለን፤ ስንት መኪና ቆመ፣ ስንቱ አለፈ፣ እኔስ ለመሻገር ስንት ሰከንድ ፈጀብኝ። ምሰሶው የት እንደሚቆም ያን ጊዜ ለመወሰን ጥናት የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ከዘራዬን ይዤ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአየር ጤና ታክሲ ተራ ሹፌሮችና ረዳቶች
ለዘነበ ወርቅ ዜብራ ተሻጋሪዎች
ዲኤክስ ኮሮላዬን ዛሬ ለሚነዳት ሰው፣ ባለበት